አንድ ድባቴ፣ አራት ቴራፒስቶች

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግር "ለድባቴ የትኛው የንግግር ሕክምና ይሻላል?" በሚል ስለተጠራ፣ ብዙዎቻችሁ አሸናፊውን ልትሰሙ የመጣችሁ ይመስለኛል። ላላስጠብቃችሁ። ለድባቴ ተብለው የተዘጋጁና በደንብ የተጠኑ የንግግር ሕክምናዎች ጎን ለጎን ሲፈተኑ ውጤታቸው በአማካይ ተቀራራቢ ነው። በጣም ተቀራራቢ። ይህን ሰምቶ "እንግዲያው ከማንም ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው" የሚል ካለ ግን አይቸኩል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ልዩነት አለ፤ ያለው ግን ብዙ ሰው በሚፈልገው ቦታ አይደለም።

መጀመሪያ ስለየትኛው ድባቴ እንደምናወራ እንግባባ። ከፍቶን ስለዋልንበት አንድ ቀን አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ የሚጫን ነገር ነው። ድሮ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ጣዕም ያጣል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ይጠላል ወይም ይበዛል፣ ጉልበት ይከዳል። ሁለት ገጽ ማንበብ ዳገት ይሆናል። "እኔ አልረባም" የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። አንዳንዴም ሞትን ያስመኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 332 ሚሊዮን ያህል ሰው ድባቴ እንዳለበት ይገምታል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ራሱን ለማጥፋት እያሰበ ላለ ሰው ወቅቱ ቴራፒ የሚያማርጥበት አይደለም። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ እስከዚያም ብቻውን መተው የለበትም። ከአሁን በኋላ የምለው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

አሁን አንዲት ሴት እናስብ። እኔው የፈጠርኳት ናት። ዕድሜዋ 34። ከስድስት ወር በፊት እድገት አግኝታ የክፍል ኃላፊ ሆናለች። ትናንት አብረዋት ይስቁ የነበሩ ባልደረቦቿ፣ ዛሬ እሷ ስትገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጥሏት ይጠፋል። ቅዳሜና እሁድ ከአልጋ አትወርድም። ስልኳ ሲጠራ ዝም ትለዋለች። ቆይታ ደግሞ "የሚፈልገኝ ሰው የለም" ብላ ታለቅሳለች። ይህችን ሴት በአራት በር እናስገባት።

የመጀመሪያው በር ሲቢቲ ነው፤ ሲዘረዘር ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ ሐሳብንና ድርጊትን የሚፈትሽ ሕክምና። ስሙን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ቴራፒስቱ ሕይወቷን ሁሉ ተርኪልኝ አይላትም። አንዲት ቅጽበት ነው የሚፈልገው።

"ባለፈው ሳምንት በጣም የከፋሽ መቼ ነበር?"

"ማክሰኞ። ለጓደኛዬ መልእክት ላክሁላት። አይታዋለች፤ ግን አልመለሰችም።"

"ያኔ በጭንቅላትሽ ምን መጣ?"

"ጠልታኛለች።"

"ከመቶ ስንት አመንሽው?"

"ዘጠና።"

ከዚያ ወረቀት ይወጣል። በአንዱ ዓምድ ላይ የሆነው ነገር ይጻፋል፣ በሌላው የመጣው ሐሳብ፣ ቀጥሎ ስሜቱ። ከዚያም ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ፣ የሚቃወም ማስረጃ። ጓደኛዋ ከዚህ በፊትም ሁለት ቀን ቆይታ መልሳ ታውቃለች። ሰሞኑን ልጇ ታሞባታል። ዘጠናው ወደ ሃምሳ ይወርዳል። ዜሮ አልገባም፤ እንዲገባም አይጠበቅም። ለቀጣዩ ሳምንት የቤት ሥራ ይሰጣታል፦ ደውላ ታጣራለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲቢቲ "በጎ በጎውን አስቢ" ማለት አይደለም። ጓደኛዋ በእርግጥ ተቀይማት ከሆነ፣ እሱም መታወቅ አለበት። ሐሳብን እንደ እውነት ከመዋጥ በፊት መፈተን ነው ሥራው።

የዚህ ሕክምና አባት አሮን ቤክ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪም ነበር። የሠለጠነው ግን ፍሮይድ በጀመረው ሕክምና፣ በሳይኮአናሊሲስ ነው። በዚያን ጊዜ ድባቴ ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው ይባል ነበር። ቤክ ይህን በማስረጃ ላረጋግጥ ብሎ የድባቴ ታካሚዎችን ሕልም መመርመር ጀመረ። ቁጣ ሲፈልግ ያገኘው ሽንፈትን፣ ማጣትንና መገፋትን ሆነ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ቀየረ። በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) 41 ታካሚዎችን ይዞ በወጣ ጥናት፣ ሕክምናው ኢሚፕራሚን ከሚባለው የድባቴ መድኃኒት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነበር። ሆኖም የንግግር ሕክምና ከመድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ ይችላል የሚለው ወሬ በዚያን ዘመን ቀላል አልነበረም። ቤክ በ2021፣ በ100 ዓመቱ አረፈ።

ሁለተኛው በር ቢሄቪየራል አክቲቬሽን ይባላል። ስሙ ከባድ ነው፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። እዚህ ያለችው ቴራፒስት ከሐሳቧ ጋር ሙግት አትገጥምም። ባዶ ሰንጠረዥ ትሰጣታለች። በየሰዓቱ ምን እንዳደረገች ትጽፋለች፣ አጠገቡም ስሜቷን ከ0 እስከ 10 ትሞላለች። ሴትየዋ በሳምንቱ ይዛው ስትመጣ ቅዳሜ ከላይ እስከ ታች "አልጋ፣ 2፤ አልጋ፣ 2፤ ስልክ እያየሁ አልጋ፣ 1" ይላል። እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ግን 4 ተጽፏል። ቴራፒስቷ እዚያ ላይ ትቆማለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አይ፣ ምንም አይደለም። ቆሻሻ ልጥል ወርጄ ጎረቤቴ አገኘችኝ። ቆመን ትንሽ አወራን።"

ለሴትየዋ "ምንም" የሆነው ለቴራፒስቷ ዋናው መረጃ ነው። ድባቴ ሰውን ከሰውና ከሥራ ያርቃል። ሲርቅ ደስ የሚያሰኘው ነገር ይቀንሳል። ያ ሲቀንስ ድባቴው ይብሳል፣ ሰውየውም ይበልጥ ይርቃል። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ለመስበር የሚቀጥለው ሳምንት በትንንሹ ይታቀዳል። ረቡዕ ማታ አሥር ደቂቃ ከጎረቤት ጋር። ዓርብ አንድ ስልክ። ሕጉ አንድ ነው፦ ደስ ሲለኝ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ። ስሜቱ ከድርጊቱ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ብዙ ዘግይቶ ይመጣል።

"ይሄማ እናቴም ትለኛለች፣ ተነስተሽ ተንቀሳቀሽ ትለኛለች" የሚል ይኖራል። እናት የምትለው ሌላ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። እናት ትልቁን ነገር በአንድ ጊዜ ትጠይቃለች፤ ካልተሠራ ደግሞ ታዝናለች። ቴራፒስቷ ሊሠራ የሚችለውን ትንሹን ትመርጣለች። ካልተሠራም አትቆጣም፤ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አብራ ትፈልጋለች። ልዩነቱ እዚህ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም ያልተዘመረለት ይህ ሕክምና ነው። በ1996 ተመራማሪው ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ አንድ ደፋር ነገር አደረጉ። ሲቢቲን በታተኑት። 150 ታካሚዎችን ሦስት ቦታ ከፍለው ለአንዱ ቡድን የእንቅስቃሴውን ክፍል ብቻ፣ ለሌላው እንቅስቃሴውንና ሐሳብን መፈተኑን፣ ለሦስተኛው ሙሉውን ሕክምና ሰጡ። እንቅስቃሴ ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ሙሉውን ከወሰዱት አላነሱም። በ2016 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 440 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ይህን ሕክምና የሰጡት በሳይኮቴራፒ ሙያ ያልሠለጠኑ ጀማሪ የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ነበሩ። ሲቢቲውን የሰጡት የሠለጠኑ ቴራፒስቶች ናቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ውጤቱ እኩል ሆነ። ወጪው ግን የጀማሪዎቹ አነሰ። ይህ ትልቅ ወሬ ነው። የሚገባውን ያህል ግን አልተወራም።

ሦስተኛው በር ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ ነው። አነሳሱ ያስቃል። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን እየሠሩ የነበሩት ስለ መድኃኒት ጥናት ነው። መድኃኒቱን የሚያወዳድሩበት የንግግር ሕክምና ስላስፈለጋቸው ጥሩ ባለሙያዎች በተለምዶ የሚያደርጉትን ሰብስበው በሥርዓት ጻፉት። ለማወዳደሪያ የተዘጋጀው ነገር ራሱን ችሎ ሕክምና ሆነ።

እዚህ በር ውስጥ ሴትየዋ መጀመሪያ የምትሰማው "ታመሻል" የሚለውን ነው። ስንፍና አይደለም፣ የባህርይ ጉድለትም አይደለም። ሕመም ነው፣ ይታከማል። ይህ ብቻውን ከጫንቃዋ አንድ ሸክም ያወርዳል። ቀጥሎ በሕይወቷ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ማን አለ? ምን ተቀየረ? መቼ? ሕክምናው ድባቴውን ከአራት ነገሮች ከአንዱ ጋር ያያይዘዋል፦ ከሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ካለ አለመግባባት፣ ከሕይወት ለውጥ፣ ወይም ከብቸኝነት። የእሷ ጉዳይ ለውጥ ነው። እድገቱ ደመወዝ አምጥቷል፣ ጓደኞች ግን ወስዷል። ለእድገት ደግሞ ማን ያለቅሳል? ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይላታል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ያጣችውን ነገር እንደ ማጣት መቁጠር ይፈቀዳል።

ከዚያ ልምምዱ ይጀመራል። "ሥራው ዘግይቷል ብለሽ ለባልደረባሽ ስትነግሪያት በምን ቃል ነው ያልሽው? እሷስ ምን መለሰች? ድምፅሽ እንዴት ነበር?" ቴራፒስቱ ባልደረባዋን ሆኖ ይቀመጣል፣ እሷ ትናገራለች፣ ይደግሙታል። ይህ ሁሉ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይፈጃል። መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታወቃል።

አራተኛው በር ሳይኮዳይናሚክ ነው። ከፍሮይድ ዘመን የሚወርድ ነው፤ የዛሬው አጭሩ ዓይነት ግን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዓመታት ማሳለፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 24 ቀጠሮ ነው። ሴትየዋ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ትገባና ይቅርታ ትጠይቃለች። ስታለቅስ ይቅርታ ትጠይቃለች። ወንበሩን ስታንቀሳቅስም እንዲሁ። ቴራፒስቷ ቆይታ "እኔንም እንዳታስቀይሚኝ የምትጠነቀቂ ይመስለኛል" ትላታለች። ዝምታ። ከዚያ ስለ አባቷ ታነሳለች፤ ሲቆጣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል እንደነበር። ዛሬ የበታች ሠራተኛ ፊቱን ሲያጠቁርባት ለምን እንደምትደነግጥ ክሩ ከዚያ ይመዘዛል። ቅጽ የለም፣ ሰንጠረዥ የለም፣ የቤት ሥራም የለም። አንዳንድ ሰው ይህን ይወደዋል። አንዳንዱ ደግሞ "ምን እያደረግን ነው?" ብሎ በሦስተኛው ቀጠሮ ይጠፋል።

ሌሎችም አሉ። ችግር ፈቺ ቴራፒ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ የጀመረው፣ ታካሚው ራሱ አቅጣጫውን የሚመራበት ምክር አለ። አንዳንዶቹን ወደፊት እነካካቸዋለሁ።

ወደ ውጤቱ እንሂድ። "ሁሉም እኩል ናቸው" የሚለው ወሬ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሳውል ሮዘንዝዋይግ በ1936 ብሎታል፣ ያኔ አንድም ዘመናዊ ጥናት ሳይኖር። በ1989 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ትልቅ ጥናት 250 ታካሚዎችን አራት ቦታ መደበ፦ ሲቢቲ፣ ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ፣ ኢሚፕራሚን ከሐኪም ክትትል ጋር፣ የውሸት ክኒን ከሐኪም ክትትል ጋር። ከ16 ሳምንት በኋላ በሁለቱ ቴራፒዎች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የውሸቱ ክኒን ቡድንም ከተጠበቀው በላይ ተሻለው። በየሳምንቱ የሚያዳምጣቸው ሐኪም ነበራ! ሕመሙ የጠናባቸው ላይ ሲደርስ ግን የውሸቱ ክኒን ወደ ኋላ ቀረ።

በ2013 198 ጥናቶችንና 15,118 ታካሚዎችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ሰባት የሕክምና ዓይነቶችን አወዳድሮ ያው ተቀራራቢ ናቸው አለ። በ2021 ሌላ መጣ፤ 331 ጥናቶች፣ 34,285 ታካሚዎች። አሁንም ዋና ዋናዎቹ ተቀራረቡ። ትንሽ ወደ ኋላ የቀረው አቅጣጫ የማይሰጠው፣ ማዳመጥና ማበረታታት ላይ ብቻ የሚቆመው ምክር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም "ዝም ብሎ ማውራት ነው" ላለው ሰው መልሱ ይኸው ነው። የሆድን አውጥቶ መናገር ያቀልላል። ዕቅድ ሲጨመርበት ግን ይበልጥ ይሠራል። በ2021 በእንግሊዝ የወጣ 510 ሰዎችን ያሳተፈ ሌላ ጥናትም የሮጀርስን መንገድ የተከተለ ምክርንና ሲቢቲን አወዳድሯል። በስድስት ወር እኩል ነበሩ። በአንድ ዓመት ሲቢቲ ቀደመ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቁጥር። የሕመም ምልክቱ ቢያንስ በግማሽ የቀነሰለትን ሰው "ተሻለው" ብንል፣ በሁለት ወር ገደማ በንግግር ሕክምና የሚሻለው ከመቶ 41 ነው። በተለመደው ክትትል 17 ነው። 41 ከ17 ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው። ግን ደግሞ ከግማሽ በላዩ ገና አልተሻለውም ማለት ነው። አምስተርዳም ውስጥ 341 ታካሚዎች ላይ በ2013 ሲቢቲና አጭር ሳይኮዳይናሚክ ሲወዳደሩ እኩል ወጡ፤ እሰየው። ከ16 ቀጠሮ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከድባቴ የወጣው ግን ከመቶ 23 አይሞላም። በዚያ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ራሳቸው ትንሽ ያበጡ ናቸው። ያልተሳካ ጥናት ሳይታተም ይቀራል። አጥኚው የሚወደው ሕክምና በእሱ ጥናት ላይ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ተራ ጠባቂ ተብሎ ምንም ካልተሰጠው ሰው ጋር መወዳደርም ማንኛውንም ነገር ያሳምራል።

ታዲያ ለምን ተቀራረቡ? አንዱ መልስ ግንኙነቱ ነው የሚል ነው። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 ሦስት ነገሮች አስቀምጧል፦ በታካሚና በቴራፒስት መካከል መተማመን፣ በግቡ ላይ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ ላይ መስማማት። እነዚህ ሲኖሩ ውጤቱም እንደሚሻል በብዙ ጥናት ታይቷል። ግን ተጠንቀቁ። ሰው መሻል ሲጀምር ቴራፒስቱንም መውደድ ይጀምራል። የቱ የቱን እንዳመጣው ለመለየት ያስቸግራል። "ዋናው ፍቅር ነው" ብለው የሚዘጉት ሰዎች ነገሩን ትንሽ ያቀሉታል ብዬ አስባለሁ። ለእኔ የሚታየኝ ሌላው መልስ ነው። ድባቴ ክብ ነው፦ ሐሳቡ ድርጊቱን ይጎትታል፣ ድርጊቱ ግንኙነቱን፣ ግንኙነቱ ደግሞ ሐሳቡን። በየትኛውም ጎን ብትሰብሩት ሌላው ይላላል። ሴትየዋ ለጓደኛዋ ደወለች እንበል። ሲቢቲ ሐሳቧን ፈተነች ይላል። ሁለተኛዋ ተንቀሳቀሰች ትላለች። ሦስተኛው ግንኙነቷን ጠገነች ይላል። የተደወለው ግን ያው አንድ ስልክ ነው።

ልዩነቱ ብዙ ሰው በሚፈልገው ቦታ የለም ያልኩት ለዚህ ነው። በጨረሱበት ቀን ያለውን ውጤት ትተን ከዚያ በኋላ ያለውን እንይ። ድባቴ መመለስ የሚወድ ሕመም ነው። በ2005 በወጣ የአሜሪካ ጥናት መካከለኛና ከባድ ድባቴ ያለባቸው 240 ሰዎች ነበሩ። ከ16 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱም ሲቢቲውም እኩል፣ ከመቶ 58 አሻሉ። ከዚያ የተሻላቸውን ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። መድኃኒታቸውን ካቆሙት ከመቶ 76 ያህሉ ተመለሰባቸው። ሲቢቲውን ጨርሰው ከወጡት የተመለሰባቸው ግን ከመቶ 31 ያህሉ ብቻ ናቸው። መድኃኒት ስታቆም ይቆማል። የተማርከው ነገር ግን አብሮህ ይቀራል። ማንም ከዚህ ተነስቶ መድኃኒቱን ዛሬ እንዳያቆም፤ ያ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው።

ለሚመላለስ ድባቴ በማይንድፉልነስ፣ ማለትም የአሁኑን ቅጽበት ሳይፈርዱ በማስተዋል ላይ የተመሠረተ የስምንት ሳምንት የቡድን ሕክምናም አለ። በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ጥናት፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታመው ለዳኑት የመመለስ ዕድሉ ከ66 ወደ 37 ከመቶ ወረደ። ሁለት ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። አንድ ሕክምና ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራበት ሁኔታ እንዲህ ፊት ለፊት ሲታይ ብርቅ ነው።

ዓመታት ለቆየ ድባቴ ደግሞ ጥምር ይሻላል። በዚያው ዓመት የወጣ 681 ታካሚዎች ያሉት ጥናት አለ። የተሻላቸው በመድኃኒት ብቻ 48 ከመቶ፣ ለዚህ ተብሎ በተዘጋጀ ቴራፒ ብቻ 48 ከመቶ፣ በሁለቱ አንድ ላይ 73 ከመቶ ናቸው። በነገራችን ላይ የጥናቱ መድኃኒት ኔፋዞዶን ጉበት ስለሚጎዳ በኋላ ከብዙ አገር ገበያ ወጥቷል። የጥምረቱ ነገር ግን በሌሎች መድኃኒቶችም ደጋግሞ ታይቷል። በ2022 የታደሰው የእንግሊዝ መመሪያም ለከባድ ድባቴ ሲቢቲንና መድኃኒትን አንድ ላይ ያስቀድማል። ለቀላሉ የሚያስቀድመው ባለሙያ እየተከታተለ የሚሠራ የራስ አገዝ መጽሐፍ ወይም ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የተናቀ ይመስለዋል። መናቅ አይደለም። በትንሹ ከሚበቃው መጀመር ነው።

ቴራፒስት ከየት ይመጣል? ይህ የሁሉም አገር ራስ ምታት ነው። ለእኔ ከምርምሩ ሁሉ ልብ የሚያሞቀው እዚህ ላይ ያለው ነው። በዚምባብዌ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የሚሰጡት ችግር ፈቺ ቴራፒ ነው፤ አንድ ችግር መምረጥ፣ መፍትሔ መዘርዘር፣ አንዱን ሞክሮ መምጣት። 573 ሰዎች በተሳተፉበት የ2016 ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ገና ያለባቸው በአያቶቹ በኩል ከመቶ 14 ያህሉ ነበሩ። በተለመደው ሕክምና በኩል 50 ያህሉ ናቸው። ደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ ውስጥ በ2003 የወጣ ጥናት ኢንተርፐርሰናል ቴራፒን በቡድን አድርጎ በመንደር ሞክሮታል፤ የመሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ድባቴ ያለባቸው ከ86 ወደ 6.5 ከመቶ ወረዱ። ሕክምናውን ባላገኙት መንደሮች ከ94 ወደ 55 ከመቶ ገደማ ነው የወረደው። በሕንድ ጎዋ ሙያ የሌላቸው አማካሪዎች ቢሄቪየራል አክቲቬሽን ሰጥተው በ2017 እንዲሁ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። እነዚህ ሰዎች የአእምሮ ጤና ባለሙያ አልነበሩም። መመሪያ፣ ሥልጠናና የሚከታተላቸው ባለሙያ ግን ነበራቸው። ሦስተኛውን ማንም እንዳይረሳው።

እንግዲህ አንድ ሰው ዛሬ ቴራፒስት ሊይዝ ቢል ምን ያድርግ? የሚሰጡትን ስም ብዙም አይጨነቅበት። ይልቅ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠይቅ። ምን ዓይነት ሥራ ነው የምንሠራው? ስንት ጊዜ እንገናኛለን? እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥሩ ቴራፒስት በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም። "ቀስ እያልን እናየዋለን" ብቻ የሚል መልስ እኔን ይጎረብጠኛል። የራስን ጠባይ ማወቅም ይረዳል። መጻፍና መፈተን የሚወድ ሰው ሲቢቲ ይመቸዋል። ማሰብ ራሱ ያደከመው፣ ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያድር ሰው ከእንቅስቃሴው ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሐዘን ወይም ጠብ ከፊቱ የተደቀነበት ወደ ሦስተኛው በር ይሂድ። ያው ነገር በየግንኙነቱ የሚደጋገምበት አራተኛውን ያንኳኳ። ይህን የምለው በጥናት ተረጋግጦ አይደለም፤ ማን በየትኛው እንደሚሻለው አስቀድሞ የሚናገር አስተማማኝ መለኪያ ገና የለም። ግን ሰው የማይቀጥልበት ሕክምና አይሠራም። ስለዚህ የሚመቸውን መምረጥ ከንቱ አይደለም።

ከምርጫውም በላይ ግን ክትትሉን አጥብቄ እይዘዋለሁ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ፒኤችኪው ናይን የሚባል አጭር መጠይቅ አለ። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10 ሲደርስ ሐኪሞች ልብ ይላሉ። በየቀጠሮው ቢሞላ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ18 የጀመረ ሰው በስድስተኛው ቀጠሮም 18 ላይ ካለ፣ ይህ መነሳት አለበት። ብዙ ታካሚ ግን አያነሳም። ቴራፒስቱ እንዳይከፋው ይሉኝታ ይይዘዋል። ወይም "ችግሩ እኔ ነኝ፣ እኔን ምንም አይሠራልኝም" ይላል፤ ይህን የሚለው ደግሞ ድባቴው ነው። ከመቶ 59ኙ በሁለት ወር እንደማይሻላቸው ካወቃችሁ ግን ነገሩ የእናንተ ጉድለት አይደለም። ቴራፒስቱን "ስድስት ጊዜ ተገናኘን፣ ነጥቤ አልወረደም። ምን እንቀይር?" በሉት። ቀጠሮው ይቀራረብ ይሆናል፣ መድኃኒት ይጨመር ይሆናል፣ ሌላ ዓይነት ይሞከር ይሆናል። አንዳንዴም ታይሮይድ ወይም ሌላ በሽታ ተደብቆ ይገኛል፤ የደም ምርመራ ያላደረገ ሰው ያድርግ።

ብዙ አወራሁ። ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ ይዙር፤ ከኋላ እጅ ያወጣችው ትጀምር።